ህልሜን ለማን ልንገር? ጥርሴ ረግፎ ካየሁ በኋላ ያንኳኳኋቸው በሮች

ባለፈው ክረምት ጥርሴ ረገፈ። በህልሜ ነው። ሀዋሳ ሐይቅ መሐል ላይ ነኝ፤ አሞራ ገደል ዓሣ ከሚያራግፉት የእንጨት ጀልባዎች በአንዱ ተቀምጫለሁ። የላይኛው የፊት ጥርሴ እንደ በቆሎ ፍሬ ተፈልቅቆ መዳፌ ላይ ዱብ አለ። ደም የለም፣ ሕመም የለም። ሌላው ተከተለ። ሰው ልጣራ አፌን ስከፍት የቀሩትም ተንጠባጠቡ። ስነቃ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ጥርሶቼን በምላሴ መቁጠር ነበር።

የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ ስለሚደርሰኝ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተኝቼ በጠራራ ፀሐይ አልማለሁ። ህልም ለእኔ ብርቅ አይደለም፤ ይህኛው ግን አልለቅ አለኝ። ሁለት ወር ያህል ይዤው ዞርኩ። እቴቴ ጋ ቡና ላይ፣ የንስሐ አባቴ ጋ፣ ሰፈራችን ካሉት ሐጂ ሱቅ፣ ስልኬ ላይ፣ በመጨረሻም የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ። አንድ ዓይነት ህልም የተለያየ እጅ ሲነካው ምን እንደሚሆን አየሁ። እናንተም ህልም ይዛችሁ ማንን ልጠይቅ የምትሉ ከሆነ፣ የየበሩን ጠባይ ልንገራችሁ።

ከበሮቹ በፊት ግን አንድ ነገር። «ህልም እንደ ፈቺው ነው» ስንል እንደ ቀልድ እናልፈዋለን። ይህ አባባል የእኛ ብቻ አይደለም። ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ የሃይማኖት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሊቅ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ 24 ህልም ፈቺዎች እንደነበሩ፣ አንድ ህልም አይቶ ሁሉንም እንደጠየቀ፣ ሁሉም የተለያየ ፍቺ እንደሰጡትና ሁሉም እንደደረሰበት ይናገራል። በእስልምናም ህልም እስኪፈታ ድረስ በወፍ እግር ላይ እንዳለ ነው፣ ሲፈታ ይወድቃል የሚል ሐዲስ አለ። ሦስቱም የሚሉት ያው ነው፤ ፍቺ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ማድረግም ነው።

ይህን ለመቀበል ተአምር ማመን አያስፈልግም። «የሰው ሞት ትሰማለህ» የተባለ ሰው ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። እንደኛ አገር ዘመድ በበዛበትና ሰው የሁለትና የሦስት ዕድር አባል በሆነበት ቦታ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ሞት አለመስማት ነው የሚገርመው። ያን ጊዜ «ብዬ ነበር» ይባላል። ስለዚህ ፈቺ ስትመርጡ ያወቃችሁትን ነገር የሚነግራችሁን ሳይሆን፣ የነገራችሁን ነገር ይዛችሁ ልትኖሩበት የምትችሉትን ሰው ነው የምትመርጡት።

ለማንም ከመንገራችሁ በፊት ደግሞ ጻፉት። በህልም እንቅልፍ ጊዜ አንጎላችን ውስጥ ኖርአድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በጣም ይቀንሳል፤ ህልም ቶሎ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታሰባል። «ህልም እልም» ያለው ሰው የነቃ ሰው ነበር። አንዴ ለሰው ከተረካችሁት በኋላ ደግሞ የምታስታውሱት ህልሙን ሳይሆን ትረካውን ነው። እኔ እቴቴ «ደም ነበረው?» ብላ ሦስት ጊዜ ስትጠይቀኝ፣ በሦስተኛው ደም ያየሁ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ደብተሬ ግን «ደም የለም» ይላል።

እቴቴና የቡናው ረከቦት

እቴቴ የአባቴ እህት ናት፤ ቤቷ አቶቴ ነው። ገና «ህልም አየሁ» ስላት፣ ምንም ሳትሰማ «ደግ ነው፣ ደግ ነው፤ ለበጎ ያድርገው» አለች። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። የላይ ነው የታች? የላይ ከሆነ ወንድ ዘመድ፣ የታች ከሆነ ሴት። መሬት ወደቀ ወይስ እጅህ ላይ? መዳፌ ላይ መሆኑን ስነግራት ፊቷ በራ። «መሬት ካልነካማ ታሞ የሚድን ሰው ነው። አጎትህ ጋ ደውለሃል?»

አጎቴ ዲላ ነው የሚኖረው። ከደወልኩለት አምስት ወር አልፎኝ ነበር። ደወልኩ። አልታመመም፤ ግን በመደወሌ ተደስቶ የሚወርድ አልሆነም።

የዚህ በር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። እቴቴ ህልሜን ከመፍታቷ በፊት እኔን ታውቀኛለች። ማንን እንደረሳሁ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፍኩ ታውቃለች። ክፉ ፍቺ ካላት ደግሞ ለስለስ አድርጋ ነው የምታቀብለው። የምትጠቀምበት መዝገብ የቆየ ነው፤ ሰርግ ማየት ለቅሶ፣ ጥሬ ሥጋ በሽታ፣ እባብ ጠላት፣ ዓይነ ምድር መርገጥ ገንዘብ። (አንድ የሥራ ባልደረባዬ በህልሙ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቶበት በማግስቱ ሎተሪ ቆረጠ። የቲኬቱን ገንዘብ እንኳ አላገኘም።)

የጥርሱ ፍቺ ምን ያህል እንደቆየ ሳውቅ ግን ደነገጥኩ። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ህልም ፈቺ አርጤሚዶሮስ፣ አፍ ቤት ነው፣ ጥርሶች የቤቱ ሰዎች ናቸው ይላል፤ የላዮቹ የቤቱ ታላላቆች፣ የታቾቹ ዝቅ ያሉት፤ የቀኞቹ ወንዶች፣ የግራዎቹ ሴቶች። እቴቴ አርጤሚዶሮስን አታውቀውም። ይህ መዝገብ ግን በአንድም በሌላም መንገድ ከአፍ ወደ አፍ ተሻግሮ ይሁን፣ ወይም ጥርስና ዘመድ ለሁሉም ሰው አንድ ሆኖ ታይቶት፣ አቶቴ ደርሷል።

የዚህ በር ጉድለቱም ግልጽ ነው። ረከቦቱ ዙሪያ አራት ሴቶች ነበሩ፤ ማታ ህልሜ ሰፈር ውስጥ ነበር። የሚያሳፍር፣ ከትዳራችሁ ወይም ከገንዘባችሁ ጋር የተያያዘ ህልም ይዛችሁ ቡና ላይ አትቀመጡ።

የመንገድ ላይ መጽሐፍና ስልክ

ፒያሳ አካባቢ አስፋልት ዳር፣ በገብርኤል ክብረ በዓል ሰሞንም በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ ቀጫጭን የህልም ፍቺ መጻሕፍት ይሸጣሉ። ዋጋቸው ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም። እንዳትገዙ አልልም፤ ለሳቅ ይሆናሉ። ነገር ግን የእቴቴ መዝገብ ያለ እቴቴ ማለት ናቸው። የላይ ነው የታች ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ፊታችሁን የሚያይ የለም። ሁለት መጽሐፍ ገልጬ «ጥርስ» ብዬ ብፈልግ አንዱ ሞት አለኝ፣ ሌላው ረጅም ዕድሜ።

ስልኬ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በህልም ፍቺ መተግበሪያው ላይ ስጽፍለት «በሕይወትህ ውስጥ ለውጥ እየመጣ ነው፤ አንዳንድ ነገሮች ከቁጥጥርህ ውጭ እንዳይወጡ ትሰጋለህ» አለኝ። ልክ ነው አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ልክ ያልሆነበት ሰው ሀዋሳ ውስጥ ይኖር ይሆን? በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ «የእናንተን ጠባይ የሚገልጽ ነው» ብሎ ወረቀት ሰጣቸው። ተማሪዎቹ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ ሲሰጡ አማካዩ 4.26 ሆነ። የሁሉም ወረቀት አንድ ነበር፤ አብዛኛውን የቀዳውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ጥርስ ካያችሁ «ድልድይ» ብላችሁ ፈልጉ። ያላያችሁት ህልም ፍቺም እንደዚያው ልክ ከመጣላችሁ፣ ሁለቱንም ተዉአቸው።

የሃይማኖት አባቶች

ከጠየቅኳቸው ሁሉ ለመፍታት እምቢ ያሉኝ እነዚህ ብቻ ናቸው፤ ይህም አክብሮቴን ጨመረው። የንስሐ አባቴ ሰምተውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ዮሴፍ እስር ቤት ሆኖ እንኳ ፍቺ የእግዚአብሔር ነው ነው ያለው፤ እኔ ማን ነኝ?» አሉኝ። ቀጥለው ሲራክን አነሡ፤ በህልም የሚታመን ሰው ጥላ ለመጨበጥና ነፋስ ለማባረር እንደሚሮጥ ነው የሚለውን። ከዚያ የጠየቁኝ ስለ ጥርሱ አልነበረም። ጸሎት ላይ እንዴት ነህ፣ ከሰው ተጣልተሃል ወይ፣ የሌሊቱ ሥራ እንዴት ነው የሚል ነበር። ህልሙን አልፈቱልኝም፤ እኔን ግን በመጠኑ ፈቱኝ።

ሐጂ የሰፈራችን ባለሱቅ ናቸው። ዳቦ ስገዛ ወሬ ሳነሣ ስለ ህልሙ ነገርኳቸው፤ እየሳቁ «ለምን ነገርከኝ?» አሉኝ። በእሳቸው ትምህርት ህልም ሦስት ዓይነት ነው፤ ከአላህ የሆነ ደግ ህልም፣ ከሸይጣን የሆነ የሚያስፈራራ፣ ሰው ለራሱ ሲያወራው የዋለው። ደጉን ለምትወደው ሰው ትነግራለህ። ክፉውን ግን ለማንም አትነግርም፤ በአላህ ትጠበቃለህ፣ ወደ ግራህ ሦስት ጊዜ እንትፍ ትላለህ፣ ጎንህን ቀይረህ ትተኛለህ። እኔ ሙስሊም አይደለሁም። ግን ለሚያስፈራ ህልም እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል ተግባራዊ ምክር አላገኘሁም። የማይነገር ህልም ፈቺ አያገኝም፤ ፈቺ ያጣ ህልም ደግሞ ስልክ በጮኸ ቁጥር አያስደነግጥም።

ከዚህ በር አጠገብ ሌላ የሚመሳሰል በር አለና ተጠንቀቁ። አንድ ጓደኛዬ ህልሙን ይዞ አንድ «ነቢይ» ጋ ሄደ። ፍቺው በሁለት ደቂቃ አለቀ፤ «ዘር ዝራ» የሚለው ግን ሁለት ወር ዘለቀ። ሌላዋ ወደ ጠንቋይ ሄዳ «የቅርብ ሰው መተት አድርጎብሻል» ተባለች፤ ከእህቷ ጋር እስካሁን አይነጋገሩም። መስፈርቴ ሁለት ነው። ከፍቺው በፊት ወይም ተከትሎ ገንዘብ ከተጠየቀ፣ ወይም ፍቺው ጣት የሚቀስርበት የምታውቁት ሰው ካለ፣ ቁጭ ያላችሁበትን ወንበር ለቅቃችሁ ውጡ። እዚህ ላይ መካከለኛ አስተያየት የለኝም።

የተማሩት ፈቺዎች

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ደንበኛችን ስለ ኦስትሪያዊው የአእምሮ ሐኪም ስለ ሲግመንድ ፍሮይድ ነገረኝ። የህልም መጽሐፉ የወጣው በ1899 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር ላይ ነው፤ አሳታሚው ግን 1900 የሚል ቀን ጻፈበት። ፍሮይድ ስለ ጥርስ ህልም ያለውን እቴቴ ፊት አላነሣውም፤ ከወጣትነት ወሲባዊ ስሜት ጋር ነው ያያያዘው። ፍቺውን ባንቀበለውም ዘዴው ይጠቅማል። ከመዝገብ አትቅዱ፤ በህልሙ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ያዙና ለህልመኛው ምን እንደሚያስታውሰው ጠይቁት ነው የሚለው። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ደግሞ አንድ ህልም ብቻ አይበቃም፤ ተከታታዩን እዩ አለ። ሁለቱንም ሐሳብ የምትሠሩበት ዕቃ ከማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይገኛል።

ደብተሩ

አድካሚው በር ይህ ነው፤ ነገር ግን ተገድጄ አንዱን ብመርጥ የምመርጠው እሱን ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የሚባሉ የእንቅልፍ ተመራማሪዎች ሰው ተኝቶ ሳለ ዓይኑ በዓይን ቆቡ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል እንዳለና በዚያን ጊዜ የሚቀሰቀስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ህልም እንደሚናገር አሳተሙ። ሬም እንቅልፍ ይባላል። በግምት በየ90 ደቂቃው ይመላለሳል፤ ወደ ንጋት ሲቃረብ እየረዘመ ይሄዳል። «የንጋት ህልም እውነት ነው» የሚባለውን ሳስብ ይህ ይመጣብኛል። የንጋት ህልም ረጅም ነው፣ ወዲያው ስለምንነቃም እናስታውሰዋለን፤ ያስታወስነው ደግሞ ከጠፋው ይልቅ እውነት ይመስላል። እንደኔ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ ሰው በዚህ ሰዓት በቀጥታ ወደ ህልም ሊገባ ይችላል። ካልቪን ሆል የሚባለው ተመራማሪ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ሰዎችን ህልም ሰብስቦ ሲቆጥር፣ ህልም በአብዛኛው የቀኑን ሰውና የቀኑን ጭንቀት ይዞ የሚቀጥል ሆኖ አገኘው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ትራስ አጠገብ። ስነቃ ከመነሣቴ በፊት፣ ስልክ ሳልነካ፣ ያስታወስኩትን በአሁን ጊዜ ግስ እጽፋለሁ፤ «ጀልባ ላይ ነኝ» እንጂ «ነበርኩ» አልልም፤ ዝርዝሩ ያኔ ይመጣል። ከሥሩ የትኛው ፈረቃ እንደሠራሁ፣ ምን በልቼ እንደተኛሁ፣ ስነቃ ሰውነቴ ምን እንደተሰማው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ መስመር፤ «ይህ ምን ያስታውሰኛል?» ፍቺ አልጽፍም። ቢያንስ ለአንድ ወር ፍቺ ክልክል ነው። ወደ ኋላ ስታነቡ ያለፈውን ቀን ብቻ ሳይሆን ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በፊት የሆነውንም ተመልከቱ፤ አንዳንድ ነገር ህልም ውስጥ የሚገባው ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው።

በስድስት ሳምንት 23 ህልም ጻፍኩ። በዘጠኙ የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ አለ፤ ቁልፍ የጠፋበት፣ መታወቂያ የማይነበብበት፣ ስልኩ የማይነሣበት። ጥርስ ወይም አፍ ያለባቸው አራት ናቸው። አራቱንም ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሁሉም የታዩት ሦስት ሌሊት ተከታታይ ከሠራሁ በኋላ ነው። «ሰውነት» ባልኩት መስመር ላይ ደግሞ በአራቱም «መንጋጋዬ ደንዝዟል» የሚል አለ።

ይህን ይዤ ነው የጥርስ ሐኪም ጋ የሄድኩት። አየችኝና «በእንቅልፍህ ጥርስ ታፋጫለህ፤ ጫፋቸው ተበልቷል» አለችኝ፤ ማታ ማታ የሚጠለቅ መከላከያ አዘዘችልኝ። በ2018 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ በ210 ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት የጥርስ መርገፍ ህልም ሲነቁ ከሚሰማ የጥርስ፣ የድድና የመንጋጋ ውጥረት ጋር እንጂ ከጭንቀት ጋር እንደማይያያዝ ማግኘቱን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ተፈታ? ጥርሱን መንጋጋዬ አመጣው እንበል። ጀልባውንስ? በደብተሬ «ጀልባ» ከሚለው ፊት ለፊት የጻፍኩት፣ በልጅነቴ ጉማሬ ላሳይህ ብሎ ሐይቁ ላይ ይዞኝ የወጣውን ሰው ነው። ያ ሰው አጎቴ ነው፤ ዲላ ያለው። እቴቴ ይህን አላወቀችም፣ ወይም ረስታዋለች። ገጠመኝ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አሁን በየሁለት ሳምንቱ እደውላለሁ።

የትኛውን ለማን

ህልሙ አስፈርቷችሁ ዛሬ ማታ መተኛት ብቻ ከፈለጋችሁ፣ ደብተር አያስፈልግም፤ የሐጂን መንገድ ሂዱ፣ ወይም «ደግ ነው» የሚል አፍ ያለው ሽማግሌ ፈልጉ። «ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላልና። ህልሙ ኅሊናችሁን የነካ፣ ጸሎታችሁን ያናጋ ከሆነ የሃይማኖት አባት፤ ግን እንዲፈቱላችሁ ሳይሆን እንዲሰሟችሁ ሂዱ። ያው ህልም ከተደጋገመ ደብተር፣ ያለምንም ጥርጥር። ስልኩን ለጨዋታ። ትልቅ ውሳኔ ላይ ከሆናችሁ፣ ማለትም ጋብቻ፣ የውጭ ጉዞ፣ ቤት መሸጥ ከሆነ፣ የትኛውም ፈቺ ቢሆን ህልሙን ከሁለት ወገን አንዱ አድርጎ ሚዛኑ ላይ እንዲያስቀምጠው አትፍቀዱለት። ህልሙ የሚነግራችሁ ነገሩ እንደከበዳችሁ ነው፤ ያንን ደግሞ ሳትተኙም ታውቁታላችሁ።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ

ዱካክን ከህልም ጋር አታምታቱት። ነቅታችኋል፣ ጣራው ይታያችኋል፣ ግን አካላችሁ አይታዘዝም፤ ደረታችሁ ላይ የሆነ ነገር ተጭኗል። በሬም እንቅልፍ ጊዜ ጡንቻዎቻችን ህልሙን እንዳይተውኑ ይፈታሉ፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና ጡንቻው ሲዘገይ የሚሰማው ይህ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ የፈረቃ መቀያየር፣ በጀርባ መተኛት ያበዙታል። በራሱ አይገድልም፤ አዘውትሮ ከመጣ ግን ለሐኪም ይነገራል።

አደጋ፣ ጥቃት ወይም ጦርነት ያሳለፈ ሰው ያው ቅዠት ከተመላለሰበት ፍቺ አያስፈልገውም፤ ሕክምና አለው። አንዱ ዘዴ ቀን ላይ፣ ነቅቶ፣ የቅዠቱን መጨረሻ በሌላ መጨረሻ ቀይሮ መጻፍና በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በሐሳብ መለማመድ ነው። ከባለሙያ ጋር ቢጀመር ይመረጣል።

ዕድሜው የገፋ አባት በህልሙ መራገጥ፣ መማታትና መጮህ ከጀመረ «አጋንንት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጡንቻውን የሚይዘው ሥርዓት ሲላላ የሚመጣ ሕመም አለ፤ ከዓመታት በኋላ ለሚከሰት የፓርኪንሰን በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ሐኪም ይየው።

መድኃኒትም ህልም ያመጣል። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ኢፋቪሬንዝ፣ ለወባ መከላከያ የሚወሰደው ሜፍሎኩዊን፣ ለደም ግፊት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ደማቅና አስፈሪ ህልም እንዲታይ በማድረግ ይታወቃሉ። አልኮል በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል ህልሙን አፍኖ ወደ ንጋት ይለቀዋል፤ ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው ሲያቆም ለተወሰኑ ቀናት ቅዠት ሊበረታበት ይችላል። ህልም ፈርታችሁ የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ያዘዘላችሁን ጠይቁ። ስትሄዱ ደብተራችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያዙ። ከጎናችሁ የሚተኛ ሰው ካለም ይዛችሁት ሂዱ፤ ተኝታችሁ ምን እንደምትሆኑ ያየው እሱ ነው።